ቀኑን የቀየርኩበት ማስታወቂያ

ሰመራ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ይቀቀላል፤ አንዴ በፀሐዩ፣ አንዴ በራሱ። እኔ ሁለቱንም ችዬ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ባለቤቴ አዋሽ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ሰመራ ላይ የመንገድ ጉዳይ በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩ። ልጃችን ስትወለድ ጥቂት ቀን ፈቃድ ለምኜ ሄድኩ፣ አቀፍኳት፣ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አባትነቴ በስልክ ሆነ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ትደውልልኝና ስልኩን ወደ ልጅቷ ጆሮ ታስጠጋዋለች፤ እኔም "አባ ነኝ፣ የኔ እናት፣ አባ ነኝ" እያልኩ እለፈልፋለሁ። ከወዲያ የሚሰማኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

የዝውውር ማመልከቻዬን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላስታውስም። አንድ ቀን ግን ኃላፊያችን ጠሩኝና፣ "መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ እንዲኖረው ታዟል። አቁምልኝ። አንድ ወር ያለ እንከን ከሠራ የዝውውር ደብዳቤህን እኔው ፈርሜ እሰጥሃለሁ፤ አዋሽ ያለው ቅርንጫፍ ክፍት ቦታ አለው" አሉኝ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ድክመታቸው ማህተም ነው። ማህተሙን እንደ ቤት ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፣ ምሳ ሲወጡ እንኳ አይለያቸውም።

ምርጫው ሁለት ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከልን የባለሙያ ምክር፣ የይዘት ማስተዳደሪያ ሲስተም ትከሉ ይላል። እኛ "ትልቁ ሲስተም" አልነው። በትልቁ ሲስተም እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና ፓስወርድ ይገባል፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠም አንድ ሳይቀር ይመዘገባል። ሌላው ምርጫ ብሎግ ነው። ብሎግ አንድ ፓስወርድ አለው፣ አንድ ሰው በስልኩ ይጽፋል፣ ይለጥፋል፣ አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ይወጣል፣ አለቀ። ትልቁ ሲስተም ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ወራት ይፈጃል። ብሎጉን በሦስት ቀን ላቆመው እችላለሁ።

የቱን እንደፈለግኩ መናገር አያስፈልግም። በስብሰባው ላይ ኃላፊያችን ማጽደቂያ ስላለው ወደ ትልቁ ሲስተም ማዘንበላቸውን ሳይ ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ፣ "ጎርፍ ማህተም አይጠብቅም!" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ገዋኔ በኩል ያለውን መንገድ የሚጠብቀው የመስክ ሠራተኛችን ነበር፤ በዕድሜ የገፋ አፋር ነው፣ የመንገዱን ወሬ ሁሉ በስልክ የሚያቀብለን እሱ ነው። ዞር ብዬ ምስክር ጠራሁት። "አንተ ንገራቸው እስቲ! አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። አዲሱን ወሬ ያስቀድማል እንጂ ኮሚቴ ያቋቁማል?"

"አያቋቁምም" አለ ሽማግሌው። "ግን ይጠይቃል። ከየት መጣህ፣ መቼ አየህ፣ በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ፣ ከማን ሰማህ። ያልጠየቀ ሰው ዳጉ አልተቀበለም።"

እኔ "አያቋቁምም" የምትለዋን ይዤ የቀረውን ለነፋስ ሰጠሁት። ብሎጉ ተመረጠ።

ነገሩ ሰመረልኝ። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው ይደውላል፣ እኔ "ከገላፊ እስከ አዋሽ መንገዱ ክፍት ነው" ወይም "እዚህ ቦታ ግመል ይሻገራል፣ ቀስ በሉ" ብዬ እለጥፋለሁ። ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ሰርዶ ላይ ሻይ ሲጠጡ ስልካቸውን ከፍተው ያያሉ። ማየቱን ያስለመድኳቸውም እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ደግሞ አንድ የወሎ ሰው ነው። ከባድ መኪና ይነዳል። ሲወርድ ከባለቤቴ በሶና የልጅቷን ፎቶ ያመጣልኛል፣ ሲወጣ ከእኔ ለእሷ የሚላክ ካለ ይወስዳል። ፎቶውን ሲሰጠኝ ሁልጊዜ ፊቴን ያያል። "አብሽር፣ ትደርስባታለህ" ይለኛል። ያንን ሰው ብሎጉን በስልኩ አውጥቼለት፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሳታይ እንዳትነሳ" አልኩት። "እሺ፣ አንተ ካልክ" አለኝ።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በነሐሴ፣ ደጋው ሲዘንብ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። በሙቀቱ ወራት ሥራ በማለዳ ይገባል፣ እኩለ ቀን ላይ ይቋረጣል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የዝውውር ማመልከቻዬን ለመጨረሻ ጊዜ እየጻፍኩ ነበር። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ከላይ በስተቀኝ ጻፍኩ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ነው።

"ውኃ መንገዱን አቋርጧል፣ ከገዋኔ ወዲህ፣ ረባዳው ላይ" አለኝ። "ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ጉልበት አይሞላም። ከሥሩ ግን አስፋልቱን በልቶታል። በዱላ ነክቼ አይቻለሁ። ከባድ መኪና እንዳይገባ። አሁን ጻፍ።"

"አሁኑኑ" አልኩ፤ ጻፍኩም። የቢሮው ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ቀኑን ይረሳል፣ ስለዚህ ሰዓቱንና ቀኑን በእጄ መሙላት ልማዴ ነው፤ ሁልጊዜም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየመለስኩ። ያን ዕለት እጄ ማመልከቻው ላይ የጻፈውን ደገመው። ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም በእኛ። ለጠፍኩ፣ "ተለጥፏል" አለኝ። ገጹን ከፍቼ ልየው ብል ኔትወርኩ አቃሰተ፣ ተውኩት። ማመልከቻዬን ይዤ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ ሲረፍድ ቤቴ ገብቼ ሽርጤን አገልድሜ ተኛሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ ስልኬ ላይ ሽማግሌው ሰባት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ።

"አልጻፍክም እንዴ?"

"ጽፌአለሁ! ያኔውኑ ነው የጻፍኩት።"

"ስኳር የጫነ መኪና ገብቶ ተኝቷል። ሾፌሩ በመስኮት ወጣ፣ ደህና ነው። ማስጠንቀቂያ አላየሁም ይላል። ያንተ ሰው ነው፤ ፎቶ የሚያመጣልህ።"

ብሎጉን ከፈትኩ። ከላይ ያለው የትናንቱ ነው፤ "ከገላፊ እስከ አዋሽ መንገዱ ክፍት ነው።" ሁለተኛው የትናንት ወዲያው። ማስጠንቀቂያዬ የለም። "የቆዩ ጽሑፎች" የሚለውን ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ መጨረሻው ገጽ ደረስኩ። እዚያ፣ "እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጣችሁ" ከሚለው ከመጀመሪያው ጽሑፌ ሥር፣ የሁሉም ግርጌ ላይ፣ ማስጠንቀቂያዬ ተቀምጧል። ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ሆኖ፣ እኔ ሰመራን በካርታ እንኳ ሳላውቃት። ብሎጉ የእኛን ዓመተ ምሕረት የፈረንጅ ነው ብሎ ተቀብሎ፣ እንደ አሮጌ ወሬ ከታች ቀብሮታል።

ምንም አላሰብኩም፤ ቀኑን አስተካክዬ ተጫንኩ። ማስታወቂያው ከግርጌ ተነስቶ ከላይ ወጣ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚል ሰዓት ይዞ። ልክ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እንደነበረ። እፎይ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ያኔ የተሰማኝ እፎይታ ነው። የተሳሳተ ነገር አረምኩ እንጂ ዋሸሁ ብዬ አላሰብኩም።

በማግሥቱ ጠዋት የመኪናው ባለቤት ሾፌሩን አስከትሎ ቢሮ መጣ። ስኳሩ ጆንያው ውስጥ ሟሙቶ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። የባለቤቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ማስጠንቀቂያ ነበር ወይስ አልነበረም? ከነበረ ሾፌሩ ንቆ ገብቷል ማለት ነው፤ መኪናውን ይነጥቀዋል፣ በመስመሩም ላይ ሌላ ባለመኪና እንዳይቀጥረው ያደርጋል። ካልነበረ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ይቻላል።

ሾፌሩ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ቆሟል። "ወላሂ፣ ሰርዶ ላይ ሻይ ይዤ አይቻለሁ" አለ። "ከላይ ክፍት ነው ይላል። ውኃው ትንሽ ነበር። ክፍት ነው ስላለ ገባሁ።"

ኃላፊያችን በኩራት ኮምፒውተሩን አዞሩለት። "ይኸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት። አንተ ሰርዶን ስትለቅ አራት ሰዓት አልፏል ብለሃል።" ገጹን አተሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ማህተሙን አውጥተው፣ እኔ "ጎርፍ ማህተም አይጠብቅም" ብዬ ያስመረጥኩት ብሎግ በታተመበት ወረቀት ላይ ማህተም አሳረፉ። ለባለቤቱ ሰጡት። ቀለሙ ሳይደርቅ ማመልከቻዬን ሳቡ፣ የዝውውሩን ደብዳቤ ፈረሙ፣ በዚያው ማህተም መቱት። "ቃሌ ቃል ነው፤ ሥራህ ዛሬ አኮራን" አሉኝ።

ሾፌሩ እኔን እያየኝ ነበር። "አንተ ንገራቸው፣ ወንድሜ። እኔ ያላየሁትን አየሁ እላለሁ?"

"ጠዋት ነው የጻፍኩት" አልኩ።

ሐሰት የለበትም። ጠዋት ነው የጻፍኩት። ከዚያ ሌላ ቃል ግን ከአፌ አልወጣም፤ ደብዳቤው በእጄ ነበር። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ "አላህ ያውቃል" ብሎ ወጣ።

ለባለቤቴ ደወልኩ። እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው። የአልጋውን ቦታ ልትቀይር፣ ለመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ፣ በአንዴ ሰባት ነገር ታወራለች። "ሰማሽ፣ አባ ሊመጣ ነው" ልጅቷን ስትላት ሰማሁ። እኔ ከወዲህ "አዎ፣ አዎ" እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ የእኔ ሆድ ያውቅ ነበር። በሶው እንኳ አልወረደልኝም።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌው ከገዋኔ መጣ። ሥራው ነው፣ የደረሰውን ለቢሮ ሪፖርት ሊያደርግ። ጥላ ያለባት ሻይ ቤት ተቀመጥን። እንደ ልማዱ ሳይቸኩል ጠየቀኝ፣ ሰላምታውን ጨርሶ ወደ ነገሩ ገባ። ከማን ሰማህ? ከአንተ። መቼ ሰማህ? ሦስት ሰዓት ገደማ። መቼ ተናገርክ? ወዲያው ጻፍኩ። ሰው መቼ አየው?

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

"ሰው መቼ አየው?" አለ ደግሞ። ድምፁን አላነሳም።

ነገርኩት። በእኛ አቆጣጠር እንደሞላሁት፣ ከግርጌ እንደተቀበረ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቀኑን እንደቀየርኩት። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፣ ቢቆጣ በቀለለኝ። ሽማግሌው የሻዩን ብርጭቆ ሳይጨርስ አስቀመጠ፣ ዱላውን አነሳ፣ ወጣ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው፦ በአፋር ዘንድ ወሬ ያጎደለ ሰው አይሰደብም፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሬ አይጠየቅም። ለሦስት ዓመት በየጠዋቱ የደወለልኝ ሰው ሊደውልልኝ እንዳልሆነ ከአካሄዱ አወቅሁ።

ደብዳቤውን አውጥቼ አየሁት። አውቶቡሱ በማግሥቱ ንጋት ላይ ይነሳል። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። ማንም ሊያውቅብኝ አይችልም፤ ብሎጉ ማን መቼ ምን እንደቀየረ አይመዘግብም፣ ፓስወርዱ አንድ ነው፣ እሱም የእኔ ነው። ይህንኑ ሲስተም ፈጣን ስለሆነ መረጥኩት፤ ለካ ፈጣንነቱ ለመሸፈንም ነው። በትልቁ ሲስተም ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ሳያየው አይለጠፍም ነበር፣ ቀኑን ያየ ሰው ይስቅብኝ ነበር፣ ቢያልፍ እንኳ መለወጡ ስሜን ይዞ ይቀመጥ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፤ ልዩነቱ፣ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅመው ሌላ ሰው ሊሆን ነው። ያ ሰው ደግሞ የልጄን ፎቶ በደረት ኪሱ ይዞልኝ የሚመጣ ነው።

ለጀግንነት አይደለም የሄድኩት። መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቆሜ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ፊታቸው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው ቀላ። "ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ውሸት ነው እያልከኝ ነው?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የጻፍኩበት ነው። ሰው ያየበት አይደለም። ሾፌሩ እውነቱን ነው።"

"እኔ የመታሁበትን!" አሉ፤ ጠረጴዛውን መቱ። ተነሱ፣ መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ስልክ አንስተው የመኪናውን ባለቤት ጠሩ። "የሰጠሁህን ወረቀት መልስልኝ፤ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ሾፌርህ ጥፋት የለበትም፣ ይህንን በደብዳቤ አረጋግጣለሁ" ሲሉ ሰማሁ። እንዲያ ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ስልኩን ዘጉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ያንንም አምጣው።"

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። "ትልቁን ሲስተም ትተክላለህ" አሉ። "ሦስት ሰው በየስሙ ገብቶ፣ አንዱ የሌላውን እያየ፣ ያለ አንተ ሲሠራ ሳይ ትሄዳለህ። ከዚያ በፊት ዝውውር የሚል ቃል እንዳልሰማ።"

ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሾፌሩ ሥራው ተመለሰለት?" አለች።

"ተመልሶለታል።"

"በል እሺ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበረ፣ ግን አልወቀሰችኝም። ስልኩን ወደ ልጅቷ ጆሮ አስጠጋችው፤ እኔም እንደ ልማዴ "አባ ነኝ" አልኩ።

ትልቁን ሲስተም ለመትከል ከመስከረም እስከ ግንቦት ፈጀብኝ። ሰርቨሩ ዘገየ፣ መብራቱ ሄደ መጣ፣ አንዷ ሠራተኛ ከሠለጠነች በኋላ ለቀቀች፣ እንደገና ሌላ ሰው ከሀ ጀምሬ አስተማርኩ። የብሎጉን ጽሑፎች በሙሉ ወደ አዲሱ አዛወርኳቸው። ያቺ ማስታወቂያ ስትደርስ ከሥሯ ጨመርኩበት፤ በስንት ሰዓት እንደተጻፈች፣ በስንት ሰዓት ሰው ሊያያት እንደቻለች፣ ቀኑን ማን እንደቀየረ። ኃላፊያችን አጸደቁት። ሽማግሌው ለወራት የመንገዱን ወሬ ለሌላ ሰው ሲያቀብል ቆይቶ በሚያዝያ አንድ ጠዋት ለእኔ ደወለ። ምንም እንዳልተፈጠረ ያህል፣ "መንገዱ ደህና ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አሁን" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

አዋሽ የገባሁት በወሎዬው መኪና ነው። አውቶቡስ ልያዝ ብለው አሻፈረኝ አለ። በመንገዱ ሁሉ ስለዚያ ቀን አላነሳንም፤ ረባዳው ጋ ስንደርስ ብቻ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት አየ፣ እኔም አየሁ። ደረቅ ነበር። አዋሽ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አወረደኝ። "አብሽር፣ ደረስክባት" አለኝና ሄደ።

ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ልጅቷ ቆማ ነበር። በእግሯ። የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ገባች፣ በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ቤት የመጣ እንግዳ የሚታይበት አተያይ። በርከክ ብዬ እጆቼን ዘረጋሁ።

"አባ ነኝ" አልኩ።

ድምፄን ስትሰማ ፊቷ በራ። ዞረች፣ እየተንገዳገደች ወደ ጠረጴዛው ሮጠች፣ የእናቷን ስልክ በሁለት እጇ አነሳች፣ ጆሮዋ ላይ አስደገፈችው። ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ቆመች።

"አባ?" አለችው።